ውሃው ሳይደርስ ዓሣ የማይሸጥ ቤት፦ ከኮምቦልቻ ያመጣሁት የሲክሊድ አኳሪየም ከአሥራ አራት ወር በኋላ

ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ በፊት ለፊቱ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ የሚሠራበት፣ በጓሮው ደግሞ የጌጥ ዓሣ የሚረባበትና የሚሸጥበት አንድ ቤት አለ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ሳንቲ ሜትር ወርድና 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አኳሪየም እዚያ አሠርቼ፣ ከወር በላይ ከቆየሁ በኋላ 16 የማላዊ ሲክሊዶች ገዝቼ ደሴ ወደሚገኘው ቤቴ አስገባሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ዕቃው አዲስ በነበረበት ሰሞን ሳይሆን ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የማያምር አኳሪየም የለምና፤ የሠሪው ሙያና የሻጩ ሐቀኝነት የሚለየው ብርዱ ሲገባ፣ መብራት ሲጠፋና ዓሣው ለመራባት ሲደርስ ነው። ምስጋናዬ ቢበዛም ቅሬታም ስላለኝ የቤቱን ስም አላነሣም፤ በአካባቢው ዓሣ የሚያረባ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሲክሊድ የሚለውን ስም ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ሐይቅ ከተማ ስንወርድ ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶ ራሱ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። የእኔዎቹ ግን ከማላዊ ሐይቅ ዐለታማ ዳርቻ የተገኙት፣ በአገሬው ቋንቋ ምቡና የሚባሉት ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣት ብዙም የማይበልጡ ሲሆኑ ቀለማቸው የባሕር ዓሣ ያስመስላቸዋል። ሐይቃቸው ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ የሚዋሰኑበት፣ ጥልቀቱ ወደ 700 ሜትር የሚደርስ ነው፤ በዓሣ ዝርያ ብዛትም የሚስተካከለው ሐይቅ በዓለም ላይ የለም። ውሃው ማዕድን የበዛበትና ፒኤቹ (አሲድነቱ ወይም አልካሊነቱ የሚለካበት ቁጥር) ከ7.7 እስከ 8.6 የሚደርስ ስለሆነ፣ እነዚህን ዓሦች የሚይዝ ሰው ከዓሣው በፊት ውሃውን መያዝ መቻል አለበት። የኮምቦልቻውን ቤት እንዳመሰግን ያስገደደኝም በመጀመሪያ ደረጃ ይኸው የውሃ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አሳቤ አኳሪየሙንም ዓሣውንም አንድ ላይ ጭኜ መመለስ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከእኔ በዕድሜ በጣም የሚያንስ ወጣት ነው። ጓሮውን አስጎብኝቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ገንዘቡን ልቆጥር ስል እጄን በአክብሮት መለስ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መስታወቱን ይዘዙ እንጂ ዓሣውን ዛሬ አልሸጥልዎትም፤ መጀመሪያ ውሃው ይድረስ» አለኝ። ውሃ እንዴት ነው የሚደርሰው ብዬ ብጠይቀው፣ ጠላ እንደሚደርሰው ነው ብሎ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው የሚያስወግደው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ደግሞ የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ውሃውን በሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅና በድንጋዮቹ ላይ ቀስ በቀስ የሚበቅሉ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ እስኪሆኑ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ለሲክሊድ ያዥ ጉዳዩ የሚብሰው፣ የአሞኒያ መርዛማነት ከፒኤች ጋር አብሮ ስለሚጨምር ነው፤ ፒኤች 7 በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ ቅርጽ የሚይዘው ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም፣ ፒኤች 8.3 ሲደርስ ግን ወደ 10 ከመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ሌላ ዓሣ ታግሦ የሚያልፈው ያልደረሰ ውሃ የማላዊን ዓሣ ይገድለዋል። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ የገዛሁበት ቤት ገንዳውንና አሥር ዓሣ በአንድ ላስቲክ አስጭኖ አሰናበተኝ፤ በሳምንቱ አንድም አልተረፈኝም፤ ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው ብዬም ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ ትቼው ነበር።

ወጣቱ በቃል ብቻ አላበቃም። አኳሪየሙን ልረከብ በሄድኩ ጊዜ፣ ከራሱ የማርቢያ ገንዳ ፊልተር ውስጥ ቡናማ የሆነ አሮጌ ስፖንጅ አውጥቶ፣ እንዳይደርቅ ከገንዳው ውሃ ጋር ላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ «ይኸው እርሾዎ» ብሎ ሰጠኝ። ዋጋም አልጠየቀኝም። ቤቴ ደርሼ በአዲሱ ፊልተር ውስጥ ከተትኩት፤ እንደ ነገረኝም በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣልኩ በመመርመሪያ ኪት ስለካ ከረምኩ። አሞኒያው በሁለተኛው ሳምንት ወደ 2 ሚሊግራም በሊትር ወጣ፤ ከዚያ እየወረደ በሃያ ዘጠነኛው ቀን አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኑ። የውጤቱን ፎቶ በስልክ ልኬለት «አሁን ይምጡ» እስኪለኝ ድረስ ዓሣ አልሸጠልኝም። ገበያ የጠማው ወጣት ነጋዴ የተዘረጋለትን ብር ለወር ሲያቆይ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውሃውን ማጠንከርም ያስተማረኝ እርሱ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሮቶ አጠራቅሜ ነው የምጠቀመው፤ ሲጠራቀም መቆየቱ ክሎሪኑ እንዲወጣ ስለሚረዳ ለዓሣው ጠቅሞታል። ፒኤቹ ግን በእኔ ልኬት 7.4 ነበር። ከጦሳ ሥር የለቀምኳቸውን ጥቁር ድንጋዮች ለዋሻ መሥሪያ ብቻ እንድጠቀምባቸው ነገረኝ፤ እነዚያ ውሃውን አይለውጡም። ፒኤቹን የሚያነሣውና የሚያረጋው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ የኖራ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀውም ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ማውጣቱ ታይቶ ነው። ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ደግሞ ለ50 ሊትር አዲስ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሟለታለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ፒኤቹ 8.2 ላይ ረግቶ ቆመ፤ እስካሁንም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

ስለ አኳሪየሙ ሥራ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ሥራ ነው። መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ የተቆረጠው ጠርዝ ተስሎ ለስልሷል፣ ሲሊኮኑም ፈንገስ መከላከያ ያልተጨመረበት ነው፤ መከላከያ ያለበት ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ዓይነት ዓሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት ደርቆ፣ እዚያው ሥራ ቤቱ ውስጥ ለሦስት ቀን ውሃ ተሞልቶ ተፈትኖ ነው ያስረከበኝ። መቆሚያውን ብየዳ ቤት በካሬ ብረት አሠራሁት። ውሃው ብቻውን 240 ሊትር ገደማ ስለሚሆን ከመስታወቱ፣ ከአሸዋውና ከድንጋዩ ጋር ሲደመር ከ330 ኪሎ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ክብደት ባልተስተካከለ ወለል ላይ ከተቀመጠ ማእዘኑ ይሰነጠቃል። ሠራተኛው ደሴ ድረስ መጥቶ፣ በውሃ ልክ አራቱንም ጎን አይቶ፣ በመቆሚያውና በመስታወቱ መካከል ፎም አንጥፎ ነው የሄደው። እስካሁን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የቤቱ ዕውቀት ከኮምቦልቻ ሲወጣ ያጥራል። ሁለቱ ከተሞች በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስባቸው ስለሆኑ ልዩነታቸውን እንዘነጋዋለን እንጂ፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያሉት። ባለቤቱ በጓሮው ለሚጠቀምበት ገንዳ ልክ የሆነ አንድ ባለ 200 ዋት ማሞቂያ ሸጠልኝ። ኮምቦልቻ ላይ ያ ይበቃ ይሆናል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን የሳሎኔ ሙቀት ሌሊት እስከ 14 ዲግሪ ይወርድ ጀመር፤ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ እየሠራ ውሃውን ከ21 ዲግሪ ማሳለፍ አቃተው። እነዚህ ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ጠዋት ሽፋኑን ስከፍት ሲሻሙ የነበሩት ዓሦች ክንፋቸውን ሰብስበው ከድንጋዩ ሥር ተለጥፈው፣ ምግብ ሲወድቅ ዘወር ብለው እንኳ አያዩም ነበር። ሁለተኛ ባለ 200 ዋት ማሞቂያ ጨምሬ፣ የኋላውንና የጎኑን መስታወት በፎም ሸፍኜ፣ ከላዩም የመስታወት ክዳን ካሠራሁ በኋላ ነው 25 ዲግሪ ላይ የረጋልኝ። ሁለት ማሞቂያ መኖሩ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆያልና ከመጀመሪያውም ትክክለኛው ምክር ይህ ነበር።

ከሙቀቱ ያላነሰው፣ ግን የማይታየው ጉዳይ ኦክስጅን ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ 8.2 ሚሊግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በደሴ ከፍታ 6.1 አካባቢ ላይ ይቆማል። የማላዊ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ፣ ዓሦቹ የለመዱት ከዚህ የበለጠውን ነው። የተሸጠልኝ ፊልተር በሰዓት 1,000 ሊትር የሚገፋ አንድ ብቻ ነበር፤ ገንዳውም ምቡና እርስ በርሱ እንዳይጎዳዳ ሆን ተብሎ በርከት ያለ ዓሣ የሚገባበት ነው። አንድ ቀን ማታ ሁሉም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ አገኘኋቸው። በአየር ፓምፕ የሚሠራ ትልቅ የስፖንጅ ፊልተር ጨመርኩ፤ ዋናው ፊልተር ውሃውን ከላይ እንዲበጠብጠውም አፉን አነሣሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። መብራት ሲጠፋ በቻርጅ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ እሰካለሁ፣ ገንዳውንም በጋቢ እሸፍነዋለሁ። ጋቢው ለሦስት ሰዓት ያህል የውሃው ሙቀት ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ ይይዝልኛል፤ ዕቃው ሁሉ ከገባ በኋላ ያገኘሁት ከሁሉ ርካሽና አስተማማኝ መላ ይህ ነው።

ይህን ለባለቤቱ ስነግረው አልተከራከረኝም፤ ደሴ የሚሄድ ገዢ ሲመጣ ከእንግዲህ ሁለት ማሞቂያ እንደሚነግር ነግሮኛል። ሆኖም ዓሣዎቹን ያስረከበኝ ቀን የከፍታውን ጉዳይ አስቦበት ነበር ማለት እችላለሁ። ላስቲኩን ሲሶውን ውሃ፣ የቀረውን ኦክስጅን ሞልቶ ሲያስር ትንሽ ላላ አድርጎ ተወው። ሚኒባሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ላስቲኩ በጭኔ ላይ ቀስ በቀስ እየተወጠረ ሄዶ፣ ደሴ ስንገባ በጣቴ ብነካው እንደ ከበሮ ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። አጥብቆ አስሮት ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር። አሥራ ስድስቱም በሕይወት ገቡ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዓሣዎቹ ማንነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ማርባት ለሚፈልግ ሰውም ዋናው ይህ ነው። ከገዛኋቸው ውስጥ ስምንቱ የሎ ላብ ተብለው የተሸጡልኝ ናቸው። በሳይንሳዊ ስሙ ላቢዶክሮሚስ ኬሩሊየስ የሚባለው ይህ ዓሣ በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሥነ ሕይወት ተመራማሪው ጄፍሪ ፍራየር የተገለጸ ሲሆን፣ ኬሩሊየስ ማለት ሰማያዊ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የተገኙት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነበሩና። ዛሬ በየገንዳው የምናየው ቢጫው ዓይነት የመጣው ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ንካታ ቤይ አካባቢ ነው። ትክክለኛው የሎ ላብ ሰውነቱ ንጹሕ ቢጫ ሆኖ በጀርባ ክንፉ ላይ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር አለው። ከስምንቱ ሦስቱ ሲያድጉ ጥቁሩ መስመር ደበዘዘባቸው፣ ቀለማቸውም ወደ ብርቱካንማ አዘነበለ፤ ይህ ቀዩ ዜብራ ከሚባለው ሌላ ምቡና ጋር የተዳቀለ ዓሣ የታወቀ ምልክት ነው። ምቡናዎች የየራሳቸው ዝርያ አጣማሪ ካጡ በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ በጓሮው ያየሁት «ቅልቅል» የተባለው ገንዳም ለዚህ በር የሚከፍት ነው። ባለቤቱ ሊያታልለኝ እንዳልፈለገ አምናለሁ፤ እርሱም ከአዲስ አበባ በስም ተቀብሎ በስም ነው የሚሸጠው። ነገር ግን ለጌጥ ለሚፈልገው ሰው ምንም የማይጎዳው ይህ ስሕተት፣ ለሚያረባው ሰው የዓመት ድካም ነው፤ ከእኔ የተረፈውን ጫጩት የሚወስድ ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይሄዳልና። ሦስቱን ለይቼ መለስኩለት፤ ያለ ክርክር ተቀብሎ በሌሎች ሁለት እንስቶች ለወጠልኝ።

ምግቡ መካከለኛ ነው። የሚሸጠው የስፒሩሊና ፍሌክ (እንደ ስስ ቅርፊት ያለ ደረቅ ምግብ) ለምቡና የሚስማማ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ስፒሩሊና የሚባለው ረቂቅ ሕይወት በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ በተፈጥሮው የሚበዛ ነው። ችግሩ ምግቡ ከትልቅ ዕቃ ወጥቶ ምንም ባልተጻፈበት ላስቲክ መሸጡ ነው፤ መቼ እንደተመረተ አይታወቅም፤ አሮጌ ፍሌክ ደግሞ ቪታሚኑ ያልቃል። የተፈጨ ሥጋ ስጣቸው ብሎ የመከረኝን ወዳጄን ግን ባለቤቱ በትክክል ተቃውሞታል፤ ስብ ያለበት ሥጋ ለእነዚህ ዓሦች ሆድን የሚነፋውን፣ በየጊዜው የሚገድላቸውን በሽታ ይጋብዛል።

አሁን ወደ እርባታው ልምጣ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ትልቁ ወንድ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር አሸዋውን በአፉ እያነሣ ሲተፋ ሰነበተና ሰፌድ የመሰለ ጎድጓዳ ሠራ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንስቲቱ ገብታ አብረው ሲዞሩ ደረስኩ። እንቁላሏን ጣል ታደርግና ዞራ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። ከወንዱ የታችኛው ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ቢጫ ነጥቦች አሉ፤ እነሱንም ልትለቅም ስትጠጋ የወንዱ ዘር ወደ አፏ ይገባል፣ እንቁላሉም እዚያው አፏ ውስጥ ይፀንሳል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳትበላ በአፏ ይዛ ትቆያለች። የእኛው ቆሮሶም የሚፈለፍለው በዚሁ መንገድ ነው።

የመጀመሪያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በአምስተኛው ቀን ጓጉቼ ወደ ሌላ ገንዳ ባዛውራት፣ ደንግጣ ሁሉንም ዋጠችው። ስልክ ደውዬ ስነግረው ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ እስከ አሥራ ስምንተኛው ቀን አይንኳት፤ ከዚያም መብራት አጥፍተው በሌሊት ያንሷት» አለኝ። ግንቦት ውስጥ ሌላይቱ ስትይዝ በነገረኝ ልክ አደረግኩ። በአሥራ ስምንተኛው ሌሊት ሁሉም ጭልጥ ብለው በተኙበት፣ በሁለት መረብ ቀስ ብዬ ወደ 40 ሊትር ገንዳ አሻገርኳት። በባትሪ ብርሃን ሳያት አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ተወጥሮ ነበር፤ አፏን ትንሽ ስትከፍትም ውስጥ የተደረደሩ ጥቁር ነጥቦች ታዩኝ። ዓይኖቻቸው ነበሩ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው 14 ጫጩቶች ገንዳው ወለል ላይ በየድንጋዩ ሥር ተበትነው አገኘሁ። እናትየዋ ከስታ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ገዝፎ ይታይ ስለነበር ለአሥር ቀን ብቻዋን እየቀለብኳት አቆየኋት፤ ጫጩቶቹን ደግሞ ፍሌኩን በጣቴ አድቅቄ በቀን አራት ጊዜ እመግባቸው ነበር። ከ14 ውስጥ 12 አድገዋል።

ዋጋውን በተመለከተ የመስታወትና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር መጻፉ ያሳስታል። ከጠቅላላ ወጪዬ ትልቁን ድርሻ የወሰደው አኳሪየሙ ከነመቆሚያው ነው፤ ዓሣዎቹ ከሁሉ ያነሱ ነበሩ። አዲስ አበባ ተሠርቶ በጭነት መኪና እንዲመጣልኝ ከተጠየቅኩት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን በጣም ይቀንሳል፤ የመሰበር ስጋቱም የለበትም። እንግዲህ ደሴ ላይ ሆኖ ከዚህ ቤት የሚገዛ ሰው አኳሪየሙን ሳያመነታ ይዘዝ፣ የውሃውን ምክር እንደ ተነገረው ይፈጽም፤ ማሞቂያውን ግን ከሚነገረው እጥፍ አድርጎ ይግዛ፣ ተጨማሪ የአየር ፓምፕም አይርሳ። ለማርባት ከሆነ ደግሞ ከቅልቅሉ ገንዳ አንድም ዓሣ አይውሰድ፤ ለአንድ ወንድ ቢያንስ ሦስት እንስት እንዲሆን አድርጎ ከአንድ ገንዳ፣ ጥቁሩ መስመር ጥርት ብሎ የሚታየውን እየመረጠ ይግዛ።

ባለፈው ኅዳር ከ12ቱ ጫጩቶች ስምንቱን፣ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆኑ፣ ይዤላቸው ወርጄ ነበር። ባለቤቱ አንድ በአንድ በመረብ እያነሣ የጀርባ ክንፋቸውን በብርሃን ካየ በኋላ፣ ለመተኪያ የሚሆነኝን አንድ ማሞቂያ በምትኩ ሰጠኝ። ከቅልቅሉ ጋር እንዳይጨምራቸው ስለምነው ቀድሞ አስቦበት ኖሮ ባዶ ወደ ነበረ ገንዳ ወሰዳቸውና፣ ከኪሱ ማርከር አውጥቶ መስታወቱ ላይ «የሎ ላብ፣ ከደሴ፣ የግንቦት» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ባሉት ሌሎች ሦስት ገንዳዎች ላይም ተመሳሳይ ጽሑፍ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ስመጣ ግን አንዱም አልተጻፈበትም ነበር።